የመርዶ አደራ

ስልኩ የጮኸው ገና ሳይነጋጋ፣ አስቻለች መታወቂያዋንና እስክሪብቶዋን በፌስታል ስትጠቀልል ነው። የደዋዩን ስም ስታይ ክው አለች። የኔታ ወልደ ኪዳን ናቸው። የኔታ በዚህ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ወይም ተማሪዎቻቸው መሀል ካልሆኑ የት ሊሆኑ? ደግሞስ ለአንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ምን ብለው ይደውላሉ?

«ልጄ አስቻለች፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ የኔታ። ምነው፣ በደኅና ነው?»

«ወንድሜ ፋንታ ሌሊት አረፈ።»

አስቻለች አልጋዋ ጫፍ ላይ ዘጭ አለች።

«ስርጉት አልሰማችም። እንዳትሰማም። ዛሬ ያ ፈተናዋ ነው አይደል? አብራችሁ ስለምትሄዱ ነው ላንቺ የደወልሁ። ተፈትና እስክትወጣ ከአፍሽ አንዲት ቃል እንዳትወጣ። አደራ ልጄ፤ የሰማይ የምድር አደራ።»

«እሺ የኔታ። ቀብሩስ መቼ ነው?»

ከወዲያ በኩል የሴቶች ዋይታ ተሰማ፣ መስመሩም እዚያው ላይ ተቋረጠ። መልሳ ደወለች፤ አይነሳም። ደግማ ደወለች፤ ጭራሽ ተዘግቷል። ለቅሶ ቤት ውስጥ ስልክ ማን ያነሳል?

ስርጉት የአቶ ፋንታ አንድያ ልጅ ናት። ቢቸና ከተማ ቤት ተከራይታ አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። አባቷ ከከተማው በእግር ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ ይኖራሉ፤ ይኖሩ ነበር ማለት ነው እንግዲህ። አስቻለችና ስርጉት በዕድሜ አሥራ ሰባት ዓመት ይራራቃሉ። ያገናኛቸው ሞጣ ያለው የመንግሥት ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ ቅዳሜና እሑድ የሚያስተምራቸው ተማሪዎች አሉት፤ ከየወረዳው እየተጫኑ ሄደው እየተጫኑ ይመለሳሉ። ተመላላሽ ይሏቸዋል። መጥራቱ ቀላል ነው፤ መመላለሱን ለነሱ መተው ነው። አንድ ቅዳሜ ጎማ ይፈነዳል፣ ሌላ ቅዳሜ ኬላ ላይ ውረዱ ይባላል፣ መንገዱ ጨርሶ የተዘጋባቸው ወራትም ነበሩና አራት ዓመት የተባለው ትምህርት ስድስት ዓመት ፈጅቷል። ስንቱ መሀል ላይ ሰልችቶት ተወው። እነዚህ ሁለቱ ግን አንዷ ስታንቀላፋ ሌላዋ ደብተር እያነበበችላት፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው እዚህ ደረሱ።

ዛሬ የመውጫ ፈተና ነው። አስቻለች ብትወድቅ ስድስት ወር ጠብቃ ትደግማለች። ስርጉት ግን ከሷ አንድ መንፈቅ ቀድማ የተመዘገበች ናት፤ ባለፈው ዙር በሁለት ነጥብ ወድቃለች፣ ኮሌጁ የሰጣት ጊዜም አልቋል። ዛሬ ካልተፈተነች ስሟ ይሰረዛል። ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ አቧራ ገደል ገባ ማለት ነው።

እንግዲህ የየኔታ አደራ ለክፋት እንዳልሆነ አስቻለችም ታውቃለች። መርዶ በዋዛ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ተዘጋጅቶ፣ ጊዜው ተመርጦ ነው። እስከዚያ ድረስ አገር ሁሉ ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም፤ የሚያውቀውም ይስቃል፣ ይጫወታል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይዋሻል። ደግነት ነው ይሉታል። አስቻለች ይህን ደግነት ቀምሳዋለች። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ስትፈተን ደብረ ማርቆስ አክስቷ ዘንድ ነበረች። እናቷ ሞተው ተቀበሩ፤ ልጅቷ ፈተናዋን ትጨርስ ተብሎ የነገሯት አርባቸው ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። በነዚያ ሳምንታት አስቻለች ለእናቷ ሻሽ ልትገዛ ገበያ ለገበያ ትዞር ነበር። አረንጓዴው ይሻላል ወይስ ቢጫው እያለች አክስቷን ታማክራለች፤ አክስቷም ፊቷ ሳይለወጥ «አረንጓዴው ያምርባታል» ትላታለች። ፈተናውን አልፋለች። ማለፏ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት።

መናኸሪያ ስትደርስ ስርጉት ከሚኒባሱ ደጃፍ ቆማ እጇን ታውለበልባለች።

«እትዬ አስቻለች! ዛሬስ ቀደምሁሽ!» ብላ ጥምጥም አለችባት። «ምነው ፊትሽ እንዲህ? አልተኛሽም እንዴ?»

«ፈተናው ነው» አለች አስቻለች። የመጀመሪያው ውሸት እንዲህ በቀላሉ ወጣ።

ሾፌሩ ዘመነ የየኔታ ጎረቤት ነው። ስርጉት ልትከፍለው እጇን ስትዘረጋ «ዛሬስ ተይው፤ ለፈተናሽ መልካም ዕድል ይሁንሽ» ብሎ ገፋላት። ዘመነ ለናቱም የማይተው ሰው ነው። አስቻለች ወዲያው ገባት። ይህ ሰው ሰምቷል! አፉ ደግሞ ክፍት ነው፣ ሞጣ እስኪደርስ ያፈነዳዋል። በመስተዋቱ ውስጥ አፍጥጣ አየችውና ከንፈሯን ነከሰችበት። እሱም አያት፣ ግራ ገባው፣ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀና ሞተሩን አስነሳ። አስቻለች ተመስገን አለች። የዋህ! እሱም በጆሮዋ ሊያደርሰው የፈለገው ነገር እንዳለ እንዴት ትወቅ?

መኪናው ከከተማ ወጣ። ስርጉት ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እየጠየቀች እየመለሰች ነው። አስቻለች ትሰማለች እንጂ አታዳምጥም። ዛሬ ይቀብሯቸዋል፣ ትላለች በልቧ። እኛ ከፈተና የምንወጣው ስድስት ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት መንገድ፣ ከዚያ ደግሞ ገጠሩ። ስንደርስ ሰው አፈር አልብሶ፣ ንፍሮ ቀምሶ ተበትኗል። እኔን እንዳደረጉኝ ሊያደርጓት ነው፤ እኔ ደግሞ የእጃቸው መሣሪያ ልሆን ነው።

ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ባለ ጋቢ ተሳፋሪ ዝምታው ከብዶት ነው መሰል፣ «ጠዋት ከወደ ገጠሩ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲጎርፍ አየሁ። ማን ሞቶ ይሆን?» አለ።

ስርጉት ከደብተሯ ቀና አለች። «ከየት በኩል?»

«ወዲያ ከወንዙ ማዶ ካለው…»

«ስርጉት!» አለች አስቻለች፣ ጮክ ብላ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እስኪዞር። «ያቺን የምዘና ምዕራፍ ጠይቂኝ እስቲ። ጠፋችብኝ። አሁን፣ አሁን ጠይቂኝ።»

ዘመነም ከፊት ሆኖ ቴፑን እስከ ጥጉ ከፈተው። ባለ ጋቢው ሰውዬ ተቀይሞ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ስርጉት አስቻለችን ትንሽ አየቻትና ሳቀች፤ «ዛሬስ ፈተናው ከኔ ይልቅ አንቺን ነው ያሳበደሽ» አለቻት።

ደብረ ወርቅ ላይ ለትንሽ ጊዜ ቆሙ። ስርጉት ስልኳን አወጣች። አስቻለች ይህን ሰዓት ስትፈራው ነው የመጣችው፤ ልጅቷ ፈተና ባለ ቁጥር ከደብረ ወርቅ ለአባቷ ደውላ ካልተመረቀች አትሄድም።

«ተዘግቷል ይላል።»

«ገጠር አይደል፣ ቻርጅ አልቆባቸው ይሆናል።»

«አባየ? ለኔ የፈተና ቀን? ትናንት እኮ ጎረቤት ሶላር ላይ ሞልተው እንደሚያድሩ ነግረውኛል። ሳልመርቅሽ እንዳትገቢ ብለውኛል።» ደግማ ደወለች። «ተዘግቷል።»

«ኔትወርክ ነዋ። ሞጣ ደርሰሽ ትሞክሪያለሽ።»

ይህ አራተኛው ነው ወይስ አምስተኛው? አስቻለች የውሸቷ ቁጥር ጠፋባት። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ስርጉት በየዐሥር ደቂቃው ስልኳን እያየች ተጓዘች፤ አስቻለችም ስርጉትን እያየች። ቀራንዮን ሲያልፉ አስቻለች ስልኳን ሸፍና ለየኔታ መልሳ ደወለች። አሁንም ዝግ ነው።

ሞጣ ሲደርሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ዘመነ ሌላውን ተሳፋሪ መናኸሪያ አራገፈና ሁለቱን ሴቶች ኮሌጁ ደጃፍ ድረስ አደረሳቸው። ይህንንም ከዚህ በፊት አድርጎት አያውቅም። ሲወርዱ ከመሪው ላይ ዘሎ ወርዶ ተከተላቸው።

«እትዬ አስቻለች፣ አንዴ ላናግርሽ።»

ስርጉት ዞረች። አስቻለች መሀላቸው ገባች። ይህ ባለጌ እዚሁ ፊቷ ላይ ሊያፈርጠው ነው!

«በኋላ!»

«አጭር ናት እትዬ፣ አንዲት ነገር ብቻ…»

«በኋላ አልሁህ ዘመነ! ፈተና አለብን፣ አይታይህም?» እጇን አወናጨፈችበት። ዘመነ ቆሞ ቀረ። ጭንቅላቱን እያከከ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ከበሩ ፊት ረጅም ሰልፍ አለ። ዘበኛው አቶ ወልደ ሰንበት የእያንዳንዱን ሰው ስልክ እየተቀበሉ፣ በቁራጭ ወረቀት ስም ጽፈው ሣጥን ውስጥ ይከታሉ። «ሦስት ሰዓት ላይ ይህ በር ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ሚኒስትርም ቢመጣ አላስገባም!» እያሉ ይጮኻሉ። ሰልፉ ቀስ እያለ ይገፋል። ስርጉት ስልኳን ከመስጠቷ በፊት አንዴ ልሞክር ብላ ደወለች። ተዘግቷል።

«ምርቃቴ ቀረ» አለች፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች። «ምንም አይደል። ከዚህ ስንወጣ ገበያ ታስገቢኛለሽ እትዬ። ለአባየ ሹራብ እገዛላቸዋለሁ፤ ብርዱ አላስተኛ ብሏቸዋል። ባለፈው ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት አይቻለሁ። ቡናማው ይሻላቸዋል ወይስ ግራጫው?»

አስቻለች መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። ቡናማው ያምርባቸዋል ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ሁለት ቃል! እንባዋ ሳታዘው ዱብ ዱብ አለ።

«እትዬ? ምን ሆንሽ?»

«ሹራብ አትግዢ» አለች አስቻለች። ክንዷን ይዛ ከሰልፉ አወጣቻት። «ስርጉትየ፣ አባትሽ አርፈዋል። ሌሊት ነው። የኔታ ደውለው እንዳልነግርሽ አደራ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን አልቻልሁም። ሳታያቸው ሊቀብሯቸው ነው። አሁን ከተነሣን እንደርሳለን። እንሂድ!»

ስርጉት ወገቧ እንደተመታ ሰው እጥፍ አለችና ጮኸች። ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። አስቻለች ደግፋ አነሣቻት፣ ነጠላዋን ከመሬት ለቅማ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት፣ እየጎተተች ወደ መንገዱ ሮጠች። ባጃጅ ይገኝ ይሆን፣ መናኸሪያው ላይ መኪና ይኖር ይሆን እያለች ነው። የዘመነ ሚኒባስ ግን እዚያው የተወችው ቦታ፣ ዛፍ ሥር ቆሟል። ሾፌሩ ጩኸቱን ሰምቶ ወጥቷል፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኗል።

«ነገርሻት?» አለ። «እትዬ፣ ነገርሻት?»

«ክፈት፣ እንሂድ! ቀብሩ ሳያመልጣት!»

«የቱ ቀብር ነው የሚያመልጣት?» የዘመነ ድምፅ ተሰነጠቀ። «ቀብሩ እኮ ዐሥር ሰዓት ነው! እሷ ሳትመጣ አፈር አይነካቸውም ብለው የኔታ ካህናቱንም ዘመዱንም አስማምተዋል። እኔን መኪናህን ይዘህ ከኮሌጁ ደጃፍ ጠብቅ፣ ስድስት ሰዓት ስትወጣ ሌላ ሰው ሳትጭን ይዘሃት ብረር፣ መንገድ ላይ አጎቶቿ ይቀበሏታል፣ እነሱ ይነግሯታል ብለውኛል። ይህን ልነግርሽ ነበር እኮ! በኋላ አልሽኝ!»

አስቻለች የሚኒባሱን በር ይዛ ቆመች። ታዲያ ለምን ቀድሞ አልነገረኝም ልትል አሰበች፤ ከንፈሯን የነከሰችበት እሷ ናት። የኔታ ለምን በስልክ አልነገሩኝም ልትል አሰበች፤ ሳይጨርሱ ነው የተቋረጠው። የቀረውን ራሷ ሞልታዋለች፣ ከገዛ ቁስሏ ቀድታ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

«ለሦስት ሁለት ጉዳይ።»

ስርጉትን እንደገና በክንዷ ያዘቻት። አሁን ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ። ስርጉት ወዴት እንደምትጎተት አታውቅም፤ እግሯ ብቻ ይከተላል። ሰልፉ አልቆ አቶ ወልደ ሰንበት ብረቱን ሲገጥሙ ደረሱ። ቀጭ አለ ቁልፉ።

«አባቴ ይክፈቱልን! በእመቤታችን ይክፈቱልን!»

«ብያለሁ። ሦስት ሰዓት ብያለሁ።»

«አባቷ ሞተውባት ነው! አሁን ነው የሰማች!»

ሽማግሌው በፍርግርጉ መሀል ስርጉትን አዩአት። ነጠላዋ ተንጠልጥሏል፣ ፊቷ ላይ አቧራና እንባ ተቀላቅሏል። ምንም አልጠየቁም። ቁልፉን መለሱት፣ በሩን ገርበብ አደረጉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግቢ ልጄ። ቶሎ ግቢ። እኔን የፈለጉትን ያድርጉኝ» አሉ።

ስርጉት አልተንቀሳቀሰችም።

«ግቢ ስርጉትየ» አለች አስቻለች። «ይኸው ተከፍቷል። ቀብሩ ዐሥር ሰዓት ነው፣ ትደርሻለሽ፣ ዘመነ እየጠበቀሽ ነው። ፈተናው ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የሚፈጅ። ስድስት ዓመት ለፍተሽበት የለ!»

«በምን ልቤ?»

«እንደምንም ብለሽ…»

«አሁን እኮ አባየ ሞተዋል» አለች ስርጉት። ድምፅዋ ጩኸት የለውም፤ ለልጅ እንደምታስረዳ ነው የምትናገረው። «እስከ ስድስት ሰዓት አልሞቱም ነበር። እኔ ተፈትኜ እስክወጣ በሕይወት ነበሩ፣ ስልካቸው ብቻ ነበር የተዘጋ። የኔታ ያንን ሦስት ሰዓት ሊሰጡኝ ነበር። አንቺ ወሰድሽብኝ።»

«እኔን እንዳደረጉኝ እንዳያደርጉሽ ብዬ ነው። ሻሽ ስመርጥ…»

«ስለ ሻሹ ስንት ጊዜ ነግረሽኛል። አልቅሼልሻለሁም። እሱ ግን ያንቺ ነው እትዬ። ያንቺ እናት፣ ያንቺ ለቅሶ። የኔን አባት ለምን እዚያ ውስጥ ከተትሽብኝ?»

አስቻለች ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። ስርጉት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ግቢና ተፈተኚ። ከኔ ጋር አትምጪ።»

«ቀብር አትምጪ ትይኛለሽ?»

«አትምጪ።»

እነዚህ ሰዎች ዘንድ የተጣላ ሰው እንኳ ለቅሶ ይደርሳል። ባለጋራው ሲሞት ነጠላውን አዘቅዝቆ ሄዶ፣ አልቅሶ፣ አፈር መልሶ ይመጣል፤ ማንም ለምን መጣህ አይለውም። አስቻለች በአርባ ሦስት ዓመቷ እንዲህ ያለ ቃል ለሌላ ሰው እንኳ ሲነገር ሰምታ አታውቅም። ስርጉት ዞራ ሄደች። ዘመነ በሩን ከፍቶ፣ ደግፎ አስገባት። ሚኒባሱ ሲነሣ አስቻለችን አላያትም፤ ወይም አይቶ እንዳላየ ሆነ።

«አንቺስ ገቢ ነሽ ሂያጅ?» አሉ አቶ ወልደ ሰንበት።

አስቻለች መንገዱን አየች፣ በሩን አየች። ስልኳን ሰጠቻቸውና ገባች። ሌላ የምትሄድበት ስላልነበራት ነው የገባችው።

አዳራሹ ውስጥ ሁሉም በየኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ፈታኙ ወጣት ሰው ነው፣ በንግግሩ የዚሁ አገር ልጅ፤ ወረቀት ይዞ ስም ይጠራል። አቤት፣ አቤት ይላሉ።

«ስርጉት ፋንታ!»

ሰዉ ወደ ባዶው ወንበር ዞረ።

«ስርጉት ፋንታ! አልመጣችም?» ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገ። «ይህቺ ልጅ እኮ የመጨረሻ ዕድሏ ነው። ለምን እንደቀረች የሚያውቅ አለ? ምክንያቷን ልጻፍላት፤ ምናልባት ያዩላት ይሆናል።»

ሰልፍ ላይ ጩኸቱን የሰሙት እርስ በርስ ተያዩ። አስቻለች ከወንበሯ ተነሣች።

«አባቷ ሞተውባት ነው።»

ከንፈር መምጠጥ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰማ። ፈታኙ እየጻፈ፣ «ነፍስ ይማር። መቼ ነው የሰማችው?» አለ።

«አሁን። በር ላይ።»

ብዕሩ ቆመ። ቀና ብሎ አያት፤ ሌሎቹም ሁሉ ከየስክሪናቸው ቀና አሉ። ከፊት ረድፍ አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«በር ላይ? ፈተና ልትገባ ስትል?» አለ ፈታኙ። «ኧረ ማን ነው እንዲህ ያለ ጨካኝ? ማን ነው የነገራት?»

አስቻለች የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«እኔ ነኝ» አለች።

ፈታኙ ከስርጉት ስም ትይዩ «ቀሪ» ብሎ ጻፈ፣ ከዚያም የሚቀጥለውን ስም ጠራ።